ከማማ እስከ መቅጃ ሣጥን፦ የንብረት ጥበቃ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

በምዕራብ ጎጃም የንብረት ጥበቃ ልማድ ከእርሻው የመነጨ ነው። በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማና በደምበጫ ዙሪያ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ በብዛት ይመረታል። ምርቱ ከእሸት እስከ ገበያ ድረስ ለወራት በማሳ፣ በአውድማና በጎተራ ይቆያል። እያንዳንዱ ቆይታ የራሱ አጥፊ ስላለው የራሱን የጥበቃ ዘዴ ፈጥሯል።

ማሳ፣ አውድማና በረት

እሸት ሲደርስ የመጀመሪያው ጠባቂ ልጅ ነው። በማሳው መካከል እንጨት ተተክሎ ከላይ በጭራሮ የሚረበረበው ማማ ከሰብሉ ቁመት በላይ ከፍ ስለሚል፣ የተቀመጠበት ሰው ዳርቻውን ሁሉ ያያል። ልጁ ቀን በወንጭፍና በጅራፍ ወፍና ዝንጀሮ ያባርራል። ሌሊት ተራው የአዋቂ ነው፤ ጃርትና ከርከሮ የሚመጡት በጨለማ ስለሆነ እሳት ይነዳል፣ ይጮኻል። ሰብሉ ታጭዶ ሲከመር ስጋቱ ከአውሬ ወደ ሰው ይዞራል። ገበሬውም ጋቢውን ተከናንቦ አውድማው ላይ ያድራል። የተሰጣ በርበሬ ያለው ቤትም ማስጫውን ጥሎ አይሄድም፤ በርበሬ በትንሽ ጆንያ ብዙ ብር ስለሚያወጣ ለሌባ ቀላል ሸክም ነው።

እህሉ ቤት ሲገባ ጥበቃው ወደ ግንባታ ይለወጣል። በጭቃና በጭድ የሚሠራው ዲብኝት ከመኖሪያው ጣሪያ ሥር መቀመጡ፣ ከብቱም በብዙ ቤት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ወይም በር አፉ ላይ ባለ በረት ማደሩ የጥበቃ ብልሃት ነው። በዚህ ላይ የእሾህ አጥርና ውሻ ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ሲያልፍ የሚቀረው እሪታ ነው። ሌሊት እሪ የተባለበት ቤት ጎረቤት ወጥቶ ካልደረሰ ነገ የእሱንም ጩኸት የሚሰማለት የለም።

አውጫጭኝና ሌባ ሻይ

ሌባው ሳይያዝ ካመለጠ ደግሞ ማንነቱን የማወቅ ጉዳይ ይመጣል። ከብት ከተሰረቀ ዱካው ይፈለጋል። ዱካው ካልተገኘ ወይም ጥፋተኛው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይጠራል። ይህ ሥርዓት በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች አፈርሳታ በሚል ስም ይታወቃል። የአካባቢው ጎልማሶች ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ሰው እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው የሚያውቀውን ለተመረጡ ሰዎች በምስጢር ያደርሳል፤ የወሬው ምንጭ በ«ወፍ» ስም ይሸፈናል፣ ማንነቱም አይገለጽም። ጥፋተኛው ሳይገኝ ከቀረ የተበዳዩን ካሳ አገሬው በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱን የሚያጠነክረው ይህ የጋራ ዕዳ ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ከኪሱ ይከፍላልና።

ጉድለቱም ትንሽ አልነበረም። ሕዝቡ በእርሻ ወቅት ለቀናት ከሥራው ይታገዳል። ቂም ያለው ሰው በ«ወፍ» ሽፋን ጠላቱን ሊጠቁም ይችላል። ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ የተባለው ዘዴ ነበር፤ አደንዛዥ መጠጥ የጠጣ ልጅ እየተመራ ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠራል። ዘዴው ከጊዜ በኋላ በመንግሥት ታግዷል። አውጫጭኝ ግን በገጠር ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቷል።

ከጭቃ ሹም እስከ ቀበሌ

በቀድሞው ሥርዓት በአጥቢያው ጸጥታ ተጠያቂው ጭቃ ሹሙ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጥበቃ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 አነስተኛ ጉዳዮችን የሚያዩ አጥቢያ ዳኞችን አቋቋመ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። የኋለኛው ምርመራን ለፖሊስ፣ ክስን ለዐቃቤ ሕግ ሲሰጥ ለአውጫጭኝ ቦታ አልተወለትም። በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 71/1968 የገበሬ ማኅበራትን ከፍርድ ሸንጎና ከጥበቃ ጓድ ጋር ሲያደራጅ፣ ሌሊት በተራ መጠበቅ ለገበሬው የማኅበር ግዴታ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ይህ ሥራ በአብዛኛው ወደ ቀበሌ ሚሊሻ ተሻገረ።

ከተሞቹ ሲያድጉ ሌላ ዓይነት ጠባቂ አስፈለገ። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ላይ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ደግሞ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ አድጋ የዞኑ መቀመጫ ሆናለች። ሱቅ ከመኖሪያ ቤት ሲለይ ባለሱቁ ሌሊት ንብረቱ አጠገብ አይኖርም። የዘበኛ ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። የአንድ ረድፍ ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዘበኛ ይቀጥራሉ። ዘበኛው ካፖርት ደርቦ፣ ዱላና ባትሪ ይዞ ይዞራል። ፊሽካ ሲነፋም በሌላው መንገድ ያለው ዘበኛ ይመልስለታል፤ መልስ ካልመጣ አንድም ተኝቷል አንድም ችግር ደርሶበታል።

ካሜራው ከየት መጣ

ዛሬ ከዘበኛው ጎን ካሜራ ቆሟል። ከርቀት የሚመለከት ካሜራን ቀድመው ከተጠቀሙበት አንዱ ጦር ሠራዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን ፔነሙንደ የሮኬት ማስወንጨፊያውን ከሩቅ ለማየት እንዲህ ያለ ካሜራ ተተክሏል። ለመኖሪያ ቤት ያሰበችው በኒው ዮርክ ኩዊንስ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች ነርስ ናት። ፖሊስ ሲጠሩት ፈጥኖ በማይደርስበት ሰፈር ትኖር ነበርና ከባለቤቷ ጋር በር ላይ የቆመውን ሰው በቴሌቪዥን የሚያሳይ መሣሪያ ነድፋ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አገኘች። መሣሪያው ያሳያል እንጂ አያስቀምጥም ነበር። ማስቀመጥ የተቻለው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ካሴቱ ሲሞላ ግን የሚቀይረው ሰው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሃርድ ዲስክ የካሴትን ቦታ ሲወስድ፣ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ በራሱ የሚቀጥል መቅጃ ተገኘ። ይህ ዲቪአር የሚባለው ሣጥን ነው። በኔትወርክ ገመድ የሚሠራው ዘመዱ ኤንቪአር ይባላል።

በኢትዮጵያ ካሜራ ቀድሞ የገባው ባንክና ትልልቅ ሆቴል ዘንድ ነበር። የቻይናዎቹ ሃይክቪዥንና ዳሁዋ ምርቶች በአዲስ አበባ ገበያ ከተስፋፉ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ እህል መጋዘንና ወደ ግለሰብ ግቢ ወርዷል።

አተካከልና አሞላል

የተለመደው የቤት ዲቪአር አራት ወይም ስምንት ካሜራ ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ነገር ወደ ሣጥኑ አካባቢ ይደርሳል፦ ምስሉን የሚያመጣው ኮአክሲያል ገመድና 12 ቮልት የሚያደርሰው የኃይል ሽቦ። ካሜራ በእጅ ከማይደረስበት ከፍታ፣ ፊቱ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ዞሮ ይተከላል። በጣም ከፍ ካለ ግን የሚያሳየው ባርኔጣና ነጠላ እንጂ ፊት አይደለም። ሣጥኑ ራሱ ከካሜራው ይበልጥ መደበቅ አለበት፤ ሌባ ሣጥኑን ይዞ ከሄደ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

ዲስኩ ስንት ቀን እንደሚይዝ በሒሳብ ይታወቃል። በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይሞላል። አራት ካሜራ 86 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚሆን፣ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ያለማቋረጥ ሲቀዳ የሚይዘው 11 ቀን ተኩል ያህል ነው። ስርቆቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያወቀ ባለንብረት የሚያገኘው ነገር የለም። ኤች 265 የተባለውን የምስል አጨማመቅ የሚደግፍ መሣሪያ ግን ቀኑን እጥፍ ገደማ ያራዝማል። ለጥበቃ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ዲስክም ቀን ከሌት መጻፍን ስለሚችል ከተራ ኮምፒውተር ዲስክ ይሻላል።

በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ሰዓትና ቀን ነው። ሣጥኑ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑንም የሚለውጠው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ ግቢው ሁሉ ለጥምቀት በወጣበት ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ስርቆት ቢፈጸም፣ በሣጥኑ የሚፈለገው ጃንዋሪ 19፣ 2025፣ 15፡00 በሚለው ሥር ነው። በ2016 የነበረው ጥምቀት ግን የሚገኘው በጃንዋሪ 20 ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነ ነገር ደግሞ ማክሰኞ 02፡00 ተብሎ ይፈለጋል፤ በሰኞ ሥር የፈለገ አያገኘውም። ሲተከል የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ ሲደመር 3 ተብሎ መሞላት፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያውም መጥፋት አለበት።

ሲበላሽ

አብዛኛው ብልሽት ከሣጥኑ ሳይሆን ከኃይልና ከገመድ ይመጣል። ቀን ደህና የሚታይ ካሜራ ሌሊት ከጠፋ ብዙውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው፤ ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ይበራሉና ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይስባል፣ በረጅምና ቀጭን ሽቦ የመጣው ቮልቴጅ ደግሞ ይወርድበታል። መፍትሔው ወፍራም ሽቦ ወይም ቀረብ ያለ አዳፕተር ነው። የሌሊቱ ምስል እንደ ጉም ከነጣ ደግሞ መስታወቱ ላይ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር አለ፤ መብራቱ ነፍሳትን፣ ነፍሳቱም ሸረሪትን ይጠራሉ። አንዱ ካሜራ ብቻ ከጠፋ ገመዱን ከሚሠራው ቀዳዳ ጋር ማለዋወጥ ችግሩ ከካሜራው፣ ከገመዱ ወይም ከሣጥኑ መሆኑን ይለያል። ሣጥኑ ያለማቋረጥ «ጢጥ» የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን አላገኘውም ወይም ዲስኩ ተበላሽቷል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ 2000 የሚመለስ ከሆነ በውስጡ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃለች።

መብራት መሄዱ ብቻውን ከመምጣቱ ያነሰ ጉዳት አለው። ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል ዝላይ አዳፕተርና ዲስክ ያቃጥላል፤ በክረምት ደግሞ መብረቅ ይጨመርበታል። ስለዚህ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ፣ ከተቻለም የሶላር ባትሪ ያስፈልጋል። ዩፒኤሱ ለካሜራዎቹም ኃይል መስጠት አለበት፤ ሣጥኑን ብቻ ከያዘ የሚቀዳው ጥቁር ምስል ነው።

በስልክ ከሩቅ ማየት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ መቅዳት ግን አይፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ይህ ልዩነት ትርጉም ያለው ሆነ። ምስሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ እንዲህ ባለ ጊዜ ምንም አያስቀርም፤ የራሱ ዲስክ ያለው መቅጃ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ማስረጃና ገደቡ

ካሜራ የአውጫጭኝን አንድ ችግር ፈትቷል፦ እንደ ሰው ምስክር አይፈራም፣ ቂምም የለውም። ቃልን የማጽናቱን ችግር ግን አልፈታም። በአውጫጭኝ መሐላ ቃሉን እንደሚያጸና ሁሉ የካሜራን ቃል የሚያጸናው ትክክለኛ ሰዓት፣ ያልተቆራረጠ ቅጂና የታወቀ ቦታ ነው። ሰዓቱ የተሳሳተ ምስል ተጠርጣሪን በሐሰት ሊወነጅልም፣ ጥፋተኛን ነፃ ሊያወጣም ይችላል። ስለዚህ ስርቆት ሲታወቅ መጀመሪያ ምስሉ በፍላሽ ይገለበጣል፤ በሣጥኑ ሰዓትና በትክክለኛው ሰዓት መካከል ልዩነት ካለም ይመዘገባል፤ ከዚያ ለፖሊስ ይሰጣል።

የጎረቤት ጓሮና መኝታ ቤት መስኮት ከካሜራው ዕይታ ውጭ መሆን አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎችን መረጃ መሰብሰብና መያዝን በሕግ ሥር አስገብቷል።

የጎጃም ገበሬ ማማ ላይ ሲወጣ የሚያየውን ወዲያው ያባርራል፤ መቅጃ ሣጥን ግን ያየውን ብቻ ያስቀምጣል። ሌባን የሚያስቆመው ዛሬም አጥር፣ ውሻ፣ ዘበኛና እሪታ ሰምቶ የሚወጣ ጎረቤት ነው። ካሜራ ያስተከለ ባለንብረት ዘበኛውን ከማሰናበቱ በፊት ይህን ማሰብ ይገባዋል። በወር አንድ ጊዜም ሰዓቱን ማመሳከር፣ የትናንት ሌሊትን ምስል ከፍቶ ማየትና መስታወቱን መወልወል አለበት።