ከሞቱ አሟሟቱ፤ በሥራ ላይ ለሞቱ የአሜሪካ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሰጠው ካሣ ታሪክ

«ከሞቱ አሟሟቱ» የሚለው ያገራችን አነጋገር የሚሰማው በለቅሶ ቤት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ያው አነጋገር በአንድ ሩቅ አገር ሕግ ውስጥ የቤተሰብን ኑሮ የሚወስን ነገር ሆኖ እንደ ተገኘ ማሳየት ነው። ሕጉ አሜሪካ በ1976 ያወጣችው፥ በሥራ ላይ ሳሉ ለሞቱ የጸጥታ ጠባቂዎች ቤተሰብ ካሣ የሚሰጠው ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የካሣው ገንዘብ እየጨመረ መሄዱን ማንም በቀላሉ ያየዋል። ዋናው ታሪክ ግን «በሥራ ላይ ሞተ» የሚባለው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ፖሊስም ሆነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው በከተማ፥ በአውራጃ ወይም በክፍለ ግዛት አስተዳደር ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ የሚያገኙት ጡረታና ካሣ እንደየቦታው ይለያይ ነበር። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች እሳት ከሚያጠፉትም ብዙዎቹ ደመወዝ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ1968 ማዕከላዊው መንግሥት አንድ ጠባብ በር ከፈተ፤ ይኸውም የማዕከላዊውን መንግሥት ሕግ የጣሰ ወንጀለኛ ሲይዝ ለተጐዳ ወይም ለሞተ የከተማ ፖሊስ ካሣ ፈቀደ። የሰፈር ሌባ ሲያሳድድ የሞተው ግን በዚህ በር አይገባም ነበር።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1976 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ ይህን በር አሰፋው። ለሟቹ ቤተሰብ 50,000 ዶላር ባንድ ጊዜ እንዲከፈል ታዘዘ፤ ደመወዝ የሌላቸው እሳት አጥፊዎችም ተቈጠሩ። ሚስትና ልጆች ካሉ ገንዘቡ እኩሌታ ለሚስት፥ እኩሌታ ለልጆች ይሰጣል፤ እነርሱ ከሌሉ በሟቹ የሚጦሩ ወላጆች ይወስዱ ነበር። ሰክሮ ወይም ራሱን ለመግደል አስቦ ለሞተ ግን ካሣ የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሞቱ በሥራ ላይ ከደረሰ የአካል ጉዳት በቀጥታ የመጣ መሆን አለበት የሚለው ቃል ነው።

በጥይት ለተመታ ፖሊስ ይህ ቃል ግልጽ ነው። ጣራ ለተደረመሰበት እሳት አጥፊም እንዲሁ። ነገር ግን ከባድ ልብስ ለብሶ፥ የአየር ጠርሙስ ተሸክሞ ከጢስ ውስጥ ከወጣ በኋላ በመኪናው አጠገብ ልቡ የቆመበትስ ምን ይባላል? ይህ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ጥያቄ አይደለም፤ በአሜሪካ እሳት አጥፊዎችን በሥራ ላይ ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው የልብ ሕመም ነውና። በ1981 ፍርድ ቤት ድካምና ጭንቀት ብቻቸውን «ጉዳት» አይባሉም የሚለውን የመንግሥት ትርጓሜ አጸና። እንግዲህ ሁለት ባልደረቦች ባንድ እሳት ሞተው፥ የአንዱ ሚስት ካሣ ስትቀበል የሌላው ሚስት ባዶ እጇን ልትመለስ ትችል ነበር።

ገንዘቡ ግን ማደጉን ቀጠለ። በ1988 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲጨምር ተደረገ። በ1990 ማናቸውንም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት እስከማይችሉ ድረስ አካለ ስንኩል ለሆኑትም ተፈቀደ፤ በ1998 የትምህርት ርዳታ ተጨመረ። በ2001 ካሣው 250,000 ዶላር ሆነ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ባለው የበጀት ዓመት 448,575 ዶላር ደርሷል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ 343 የከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች ሲሞቱ ሌላ ጉድለት ተገለጠ። ከሟቾቹ አንዱ የእሳት አደጋ ክፍሉ ቄስ የነበሩት መነኵሴው ማይካል ጀጅ ናቸው። ሚስት፥ ልጅ ወይም በሕይወት ያለ ወላጅ አልነበራቸውምና በሕጉ መሠረት ካሣውን የሚወስድ አልተገኘም። በ2002 በስማቸው በተጠራው ሕግ ቄሶች ከተጠቃሚዎቹ ተቈጠሩ፤ ሟቹ በሕይወት ዋስትና ውሉ የሰየመው ሰውም እንዲወርስ ተፈቀደ።

የልቡ ጥያቄ መልስ ያገኘው በዲሴምበር 2003 ነው። ከተለመደው ውጭ የሆነ ከባድ ሥራ በሠራ በ24 ሰዓት ውስጥ በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የተያዘና በዚሁ የሞተ ሰው፥ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራ ላይ እንደ ሞተ ይቈጠራል ተባለ። ሆኖም ማስፈጸሚያው ደንብ የወጣው በ2006 ነበር። በ2020 ስለ ኮቪድ ተመሳሳይ ግምት ታወጀ። በ2022 ደግሞ ሕጉ ወደ አእምሮ ተሻገረ፤ በሥራው ባየው አሠቃቂ ነገር አእምሮው ተጐድቶ ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ካሣ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ከደረሰው የካፒቶል ረብሻ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉ ፖሊሶች ቤተሰቦች ያሰሙት አቤቱታ ለዚህ ብዙ ረድቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ሕጉ ከጥይት ወደ ልብ፥ ከልብም ወደ አእምሮ በመሄድ 46 ዓመት እንደ ወሰደበት ነው። ለሁሉም ሞት ካሣ ይከፈል ማለት እንደማይቻል እናምናለን፤ ወሰን የሌለው ሕግ ሕግ አይደለምና። ነገር ግን ወሰኑ በተሰፋ ቁጥር ያሰፉት አስቀድመው የተከለከሉት ናቸው፤ ለእነርሱ ግን ሁልጊዜ አልደረሰላቸውም። የ2003ቱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በልብ ሕመም ለሞቱት ወደ ኋላ አልተመለሰም። መንገዱን የጠረገችው መበለት ሳትሄድበት ቀረች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የሚያረቅቅ ሁሉ የገንዘቡን ልክ ከመቍረጡ በፊት «ጉዳት» የሚለውን ቃል ደኅና አድርጎ ይመዝን እንላለን።