መዝገብ ያልያዘው ፈትል

ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ የማኅበራችንን የፈትል ቡድን ሂሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ። በወጪ ዓምድ የጥጥ ዋጋ፣ የድር ክር፣ ትራንስፖርትና ለሸማኔ የተከፈለ የእጅ ዋጋ ጻፍኩ። በገቢ ዓምድ የተሸጡትን ጋቢዎችና ነጠላዎች አስገባሁ። ሲቀናነስ ትንሽ ትርፍ ወጣ። ደስ ብሎኝ ለጠቅላላ ስብሰባው አቀረብኩ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናታችን እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ እኔ የፈተልኩበት የት ጋ ነው የተጻፈው?» አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ዘጋሁ። መልስ አልነበረኝም። ለሸማኔው ዓምድ አለው፣ ለታክሲው ዓምድ አለው፤ ለእሳቸው ግን የለውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ውድ እህቶቼ፣ የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው። እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በአካውንቲንግ ነው። ግን ሂሳብ ሲጎድል ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ልማዴ ስለሆነ፣ ይህንንም እንደዚያው ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁት።

በመጀመሪያ ሥራውን ራሱን ልንገራችሁ፤ ከአባላቶቻችን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለደጋፊዎቻችን ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። ጥጥ ከመርካቶ ከነፍሬው ሲመጣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል፤ ፍሬው ተፈልቅቆ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው እንደ አረፋ ይነፋል፣ ቤቱን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል፣ አፍንጫም ይገባል። የተነደፈው ባዘቶ ይሆናል። እንዝርቱ ቀጭን እንጨት ሲሆን እንዲከብድና እንዲሽከረከር ክብ ነገር ይገባበታል፤ ጫፉ ላይ ክር የሚይዝ ቆልማማ ነገር አለው። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በሌላው እጇ ባዘቶውን ትስባለች። ክሩ እየከረረ ይረዝማል፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች፤ እንደገና ታሽከረክራለች። ሲናገሩት ቀላል ነው። እኔ ሞክሬው ክሬ በየስንዝሩ ይበጠስ ነበር፤ ሴቶቹም እስኪበቃቸው ስቀውብኛል።

አንድ ቅዳሜ ከእኒያ እናታችን ጎን ተቀምጬ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ቡና እያፈሉ፣ የልጅ ልጅ እየተቆጡ፣ አንድ እንዝርት ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ለአንድ ጋቢ ማግ ስንት እንዝርት እንደሚበቃ ስጠይቃቸው ጣታቸውን እየቆጠሩ «ወደ አርባ ይጠጋል» አሉ። አርባ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል መቶ ሰዓት ነው። ይህ መዳመጡንና መንደፉን ሳይጨምር ነው። ሸማኔያችን ድሩን ከዘረጋ በኋላ ያንን ጋቢ በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። የሸማኔው ሦስት ቀን በመዝገቤ አለ፤ መቶው ሰዓት የለም።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንሂድ። ጥጥ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በኖባ ላይ ዘምቶ የእህላቸውንና የጥጣቸውን ክምችት እንዳጠፋ ይናገራል። ጥጥ ከእህል ጎን ተጠርቷል ማለት ነው፤ ጠላትን ለመጉዳት የሚጠፋ ሀብት ነበር። ከዚያ በፊትም በ1ኛው መቶ ዘመን በአዱሊስ ወደብ ከግብፅና ከሕንድ ልብስ ይገባ እንደነበር የዚያ ዘመን የነጋዴዎች መመሪያ ጽፏል። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ከእጅ ፈትል ጋር ሲወዳደር የኖረው ዛሬ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር። ሥዕሉን ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ እንዝርት ይዛ ነው የተሣለችው። እናቴ ይህን ሥዕል እያሳየች፣ «እሷ ያላፈረችበትን ሥራ አንቺ ታፍሪበታለሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንጂ እንዝርት አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሸማኔ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። በሰሜኑ ክፍል ሽመናን በአብዛኛው የሚሠሩት እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ስድብ ያልሰማ የለም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ፈታይዋን ግን ማንም አልሰደባትም። ከገበሬ ሚስት እስከ መሳፍንት እመቤት ሁሉም ይፈትሉ ነበር፤ «ቀጭን ፈታይ» መባልም ለልጃገረድ ትልቅ ሙገሳ ነበር። እኔ ሳስበው ግን ሙገሳው ዋጋ አስከፍሏታል። የተናቀው ሸማኔ የእጅ ዋጋ ይቀበል ነበር፤ የተከበረችው ፈታይ ሙያዋ ተመሰገነላት እንጂ አልተከፈላትም። ክሯ ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ ለጌታዋ ቤት ነበር።

ጨርቁ ግን ዋጋ ነበረው፤ እንዲያውም ራሱ ገንዘብ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን ገብቶ በዓድዋ በኩል ሲያልፍ፣ በዚያ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመላ አገሪቱ በብር ገንዘብ ፈንታ እንደሚዘዋወር ጽፏል። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። የዚያ ጨርቅ እያንዳንዱ ክር ከሴት ጭን ላይ የተነሳ ነው። በዛሬው አነጋገር ሴቶቹ በየቤታቸው ገንዘብ ያትሙ ነበር፤ በማን እጅ እንደሚገባ የሚወስኑት ግን እነሱ አልነበሩም።

ቀጥሎ አቡጀዲ መጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያውን ያዘው፤ ቆይቶ የጃፓን ተተካ። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጨርቁም ክሩም በረከሰ ዋጋ ይጫን ጀመር። ኋላ የድሬዳዋው ፋብሪካ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። ሸማኔ ድሩን በፋብሪካ ክር መዘርጋት ለመደ፤ ድር ተወጥሮ ስለሚውልና ስለሚመታ ጠንካራና እኩል ክር ይወዳል። ማጉ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ፈትል ሲሆን ይመረጣል፤ ጋቢው ለስላሳና ሙቅ የሚሆነው በእሱ ነው። ስለዚህ በትከሻችን የምንጥለው ጋቢ ግማሹ የፋብሪካ፣ ግማሹ የአንዲት እናት ነው።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። እዚያም አንድ ሸማኔን ክር ለማጥገብ በርካታ ሴቶች ይፈትሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1733 ጆን ኬይ ፈጣን መወርወሪያ ሲያወጣ ሸማኔው ይበልጥ ፈጠነ፤ ፈታዮቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በ1760ዎቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ክር የሚፈትል መሣሪያ የተፈጠረው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። እዚያ የፈትል ሰዓት ውድ መሆኑ ስለታወቀ ማሽን ተሠራለት። እዚህ የፈትል ሰዓት ነፃ ስለነበር ማንም አልተቸገረም።

ለማኅበር አባላት ሳልነግር የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። በ1928 ዓ.ም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌ መነን የበላይነትና በልዕልት ፀሐይ መሪነት በበጎ አድራጎት ማኅበር ተሰባስበው ለዘማቾች ፋሻ፣ ልብስና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል አዘጋጅተዋል። ከመርዝ ጋዝ ጨርቅ ምን ያህል ያድናል? ትንሽ ነው። ግን ሴቶች በመርፌና በክር ለአንድ ዓላማ ሲደራጁ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። የቤት ኪራይ ሲወደድና ከተማው ሲሰፋ ከእነሱ ብዙዎቹ በአስኮ በኩል አልፈው ወደ ቡራዩ መጡ። የእኛ ሴቶች፣ አማርኛ ተናጋሪዋም፣ ጥጡን ጂርቢ የምትለው ኦሮሞዋም፣ ማጋቸውን ይዘው ወደ እነሱ ቤት ይሄዳሉ። ፈታይና ሸማኔ አንዱ ያለ ሌላው አይሠሩም። ልቃቂቱን ስትሰጪው ወራትሽን አምነሽ እየሰጠሽው ነው፤ ደረሰኝ የለውም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም መጀመሪያ በቡራዩ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ፤ ከእነሱ መካከል የጋሞ ሸማኔዎች ነበሩ። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀልን አስቀርተዋል፤ ይህን አገር በሙሉ አይቶታል። እዚህ ደግሞ የሽመናው ድምፅ ጠፋ። አንዲት አባላችን ለልጇ ሠርግ የፈተለችው ማግ ሸማኔው ቤት ነበር። ለማግ ማዘን በዚያ ቀን ያሳፍር ስለነበር ለማንም አልተናገረችም። በኅዳር ወር ሰውየው ከተጠለለበት ቦታ ደውሎ፣ ሲወጣ በፌስታል ይዞት እንደነበር ነገራት። ዕቃውን ጥሎ ልቃቂቷን ይዞ ነው የወጣው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «የሰው ነዋ» አላት። ጋቢው የተሠራው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሷም ለማንም አልሸጠችውም።

ስለ ፈትል ስጽፍ ድካሙን ብቻ ካወራሁ ግን እዋሻለሁ። ሴቶቻችን ይወዱታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሰበሰቡ የማን ክር እንደቀጠነ በብርሃን ፊት እየዘረጉ ይፎካከራሉ። አንዷ ለአባቷ ጋቢ ሆን ብላ ወፈር አድርጋ ትፈትላለች፣ ለሙሽራ ነጠላ ደግሞ ፀጉር ታሳክላለች። የጥለቱን ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ አሉ፤ ባለፈው የአረንጓዴ ነገር ጠብ ሊያስነሳ ነበር። ዓይናቸው የደከመው ዳንቴል ይሠራሉ፤ ወጣቶቹ ጥልፍ ይጠልፋሉ። እነዚህን ሁሉ እኛ «ትርፍ ጊዜ» ብለን እንጽፋለን። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሸራ ላይ በክርና በቁልፍ እየሰፋ የሠራቸው ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል። እዚያ መርፌና ክር ሥነ ጥበብ ይባላል። ከማድነቄ ጋር ትንሽ ቅናት አልቀረኝም፤ የእኛዎቹም የወር ሥራ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀል ይሆናል፤ እስከዚያው ግን ቢያንስ መዝገብ ላይ ይስፈር።

ደጋፊዎቻችን አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሪፖርታችን ያያችሁት ትርፍ፣ የፈታዮቹ ሰዓት በትንሹ ቢታሰብ ኪሳራ ይሆናል። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ባይሆንም። የጋቢያችን ዋጋ ለምን እንደሚጨምር የምትጠይቁ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው። አንዳንድ አባላት ዋጋው ከጨመረ ገዢ ይሸሻል ብለው ሰግተዋል፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ በሙሉ በፋብሪካ ክር የተሠራ ርካሽ ጋቢ ሞልቷል። በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበታለን።

እስከዚያው አዲሱ መዝገብ «የፈትል ሰዓት» የሚል ዓምድ ገብቶለታል። ችግሩ ከፈታዮቻችን ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አለመቻላቸው ነበር። መላውን ያመጡት እኒያው የጠየቁኝ እናት ናቸው። አንድ እንዝርት በሞሉ ቁጥር አንድ ፍሬ ባቄላ በጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ጣሳውን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ቆጠርኩት፤ 23 ነው። በሁለት ተኩል አባዝቼ 57 ተኩል ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውም ባቄላቸውን መልሰው ወደ ጣሳው እየሰበሰቡ፣ «አንዱ ወድቋል፣ ከወንበሩ ሥር እይልኝ» አሉኝ። ነበር። 24 ብዬ አረምኩት።