ምጽዋ፦ ሰው ለዕረፍት፣ መንግሥታት ለጦርነት የወረዱባት ትንሽ ከተማ

ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖር ወገን ባሕር ሩቅ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወደ የትኛውም ውቅያኖስ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዕረፍት ቀን ስናገኝ አይ-70ን ይዘን ሽቅብ ወደ ሮኪ ተራሮች እንወጣለን። የዛሬ ስድሳ ዓመት አሥመራ ይኖር የነበረ ሰው ግን ዕረፍቱን የሚፈልገው ቁልቁል ነበር። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በነፋሲት፣ በጊንዳዕና በዶጋሊ አድርጎ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ምሳውን ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ላይ ይበላል።

እንደሚታወቀው ከኦክቶበር 2023 ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ በኋላ፣ የወደብ ነገር በየምግብ ቤቱ ዋና መከራከሪያ ሆኗል። «የማን ነበር? የማን መሆን አለበት?» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ተራው ሰው ምጽዋ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ዓሣውን በልቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረው መቼ ነው? ያንንስ እንዲያደርግ ያስቻለው ምን ነበር? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ከተማዋ። ምጽዋ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ከዋናው መሬት የተነሣ እግረኛ ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ በተሠራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሻግሮ ጥዋለት ደሴት ይገባል። የባቡር ጣቢያው፣ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥቱ ያሉት እዚያ ነው። ከጥዋለት ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ አሮጌዋ ከተማና ወደቡ ወዳሉባት ደሴት ያሻግራል። ይህችን ደሴት ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቤቶቹ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ነፋስ እያስገባ ዓይን የሚከልል የእንጨት ፍርግርግ ያለው ሰገነት አላቸው። መንገዶቹ ጠባብ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ እንዲሆን ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ ያድራል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን አየሩ ይለዝባል፤ ደገኛው ሲበርደው የሚወርደውም ያኔ ነው። በርበሬ ተቀብቶ እንደ የመን ሥርዓት በሸክላ ምድጃ የሚጠበሰው ዓሣ ከትኩስ ጠፍጣፋ ዳቦ ጋር ይቀርባል። መዋኘት የሚሻ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው ወደ ጉርጉሱም ዳርቻ ይሄዳል።

ይህች ትንሽ ከተማ ስንት ጌታ እንዳየች ለማወቅ የቆመችበትን ድንጋይ ማየት ይበቃል። ከርሷ በስተደቡብ አዱሊስ የነበረች ሲሆን፣ አዱሊስም ዛሬ የዴንቨር እኅት ከተማ የሆነችው የአክሱም ወደብ ነበረች። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ግብፅ እጅ ገባች። ደሴቶቹን ከዋናው መሬት ጋር ያገናኘው መንገድ የተሠራው በ1870ዎቹ፣ የግብፅ አገልጋይ በነበረው በስዊሱ ቨርነር ሙንዚንገር ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሽርሽር የወረደው ሁሉ የተራመደው ለወታደርና ለቀረጥ ሰብሳቢ ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ ነው።

አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝ ጋር በጁን 1884 በተፈራረሙት ውል ዕቃቸው በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣልያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረዱ። ከዚያም ወደ ውስጥ መግፋት ጀመሩ። በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ከምጽዋ በስተምዕራብ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣልያን ወታደር ያለበትን ጦር ደመሰሱ። በሮም በኩል ተሰድዶ ያለፈ ወገን የሚያውቀው፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ስሙን ያገኘው ከነዚያ ሙታን ነው።

ጣልያኖች ከዶጋሊ በኋላ ወዲያው ከምጽዋ እስከ ሰሓጢ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ ምክንያቱ ጦር ማመላለስ ነበር። ሐዲዱ ተራራውን እየቆፈረ በ1911 አሥመራ ደረሰ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ጎዳ፤ እንደገና ተሠራች። በኤፕሪል 1941 እንግሊዞች ያዟት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለጦር የተዘረጋው ያ ሐዲድ ነው በኋላ ሊቶሪና በምትባለው ባቡር ቤተሰብ እየጫነ ወደ ባሕር ያወረደው።

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ምጽዋ የባሕር ኃይል መናኸሪያ ሆነች። በየዓመቱ በክረምቱ ወራት የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥዋለት ባለው ቤተ መንግሥት ይሰነብቱ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ስለ ምጽዋ ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራው ይህን ዘመን እያስታወሱ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የትጥቅ ትግሉ በ1961 ተጀምሯል፤ ፌዴሬሽኑም በ1962 ፈርሷል። ሽርሽሩ ሳይቋረጥ መንገዱ መታመም ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። በ1977 መጨረሻ ሻዕቢያ የአሥመራ–ምጽዋን መንገድ ዘግቶ ከተማዋን ከበባት፤ በዲሴምበር በጨው ማምረቻው ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን ብዙ ወጣት አለቀ። ባቡሩም ቆመ። በፌብሩዋሪ 1990 ሻዕቢያ «ፈንቅል» ባለው ዘመቻ ምጽዋን ያዘ። በጥዋለት እስከ መጨረሻው በተካሄደው ውጊያ ቤተ መንግሥቱ ፈራረሰ። በተከታዮቹ ወራት የደርግ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደጋግመው ደበደቡ፤ ወደቡ ላይ የነበረ የእርዳታ እህል ተቃጠለ። ነጻ የወጣበትን ቀን የሚያከብር አለ፤ ልጁን እዚያ የቀበረና ያለቀሰም አለ። ሁለቱም ዛሬ አውሮራ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ይመገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ከ1977 ወዲህ ምጽዋ ለአሥራ ሁለት ዓመት በአዲስ አበባ መንግሥት እጅ ነበረች። ነገር ግን ሲቪል ሰው እንደ ልቡ ሊዝናና የሚወርድባት ከተማ አልነበረችም፤ የሚወርደው በወታደር የታጀበ ኮንቮይ ነበር። በአንጻሩ ከ1991 እስከ 1998፣ ከ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ እንኳ፣ ምጽዋ በኢትዮጵያ እጅ ሳትሆን አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አሥመራ ይመላለስ ነበር። ብር እስከ 1997 በኤርትራ ይሠራ ነበር፤ የኢትዮጵያም ዕቃ በምጽዋና በአሰብ ይገባ ነበር። ያ ዘመን በደል አልነበረበትም አንልም፤ በ1991 ብዙ የኢትዮጵያ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ባዶ እጃቸውን ከኤርትራ ተባርረዋል። ቢሆንም ልሂድ ላለ መንገዱ ክፍት ነበር።

በሜይ 1998 ጦርነቱ ሲነሣ ያም ተዘጋ። ከኢትዮጵያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኤርትራዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ተባረሩ። በሜይ 2000 ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከአየር ተደበደበ። ለሃያ ዓመት ያህል ስልክ እንኳ አይገናኝም ነበር። በጁላይ 2018 ሰላም ታወጀ፤ በእንቁጣጣሽ ቀን ድንበሩ ተከፍቶ ዘመድ ከዘመድ ተላቅሶ ተገናኘ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መሻገሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ የሚነግረን ግልጽ ነው። ወደብ ማጣት ለአንድ ትልቅ አገር ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ይህን የሚክድ የለም። ነጻነቱን በደም የገዛ ሕዝብም ስለ ባሕሩ በላይ በላዩ ሲወራ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ተራውን ሰው ባሕር ዳር ያደረሰው ካርታው ላይ የተሰመረው መስመር ሆኖ አያውቅም፤ ያደረሰው ክፍት መንገድ ነው። ባሕሩ በእጃችን ሆኖ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ከእጃችን ወጥቶ መንገዱ የተከፈተበትም ጊዜ ነበር። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እንዲሉ፣ በተጣሉ ቁጥር ምጽዋ ትፈርሳለች፤ ደገኛውም ከነባሕር ናፍቆቱ ይቀራል።

እንግዲህ በስደት ላይ ያለን ሰዎች ወደብ አንከፍትም፣ ድንበርም አንዘጋም። የምንችለው ግን አለ። ከጎናችሁ ካለው ገበታ የተቀመጡት አዛውንት ወይም እናት ምናልባት ምጽዋ ያደጉ፣ ወይም በዚያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ይሆናሉ። በሚቀጥለው ጊዜ የወደብ ክርክሩ ሲሞቅ፣ «የማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ዓሣው እንዴት ነበር? መንገዱስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጆቻችን አንድ ቀን ያንን አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ባሕሩን ግራና ቀኝ እያዩ በእግራቸው እንዲሻገሩት የምንመኝ ከሆነ፣ ስለ ከተማዋ መስማት ያለባቸው የጦር ሜዳዋን ወሬ ብቻ አይደለም።

ቸር ወሬ ያሰማን።