ኳስ ያረፈችበት ክረምት

የሰኔ ደመና ጣናን ተሻግሮ ባሕር ዳር ላይ ሲወርድ በከተማዋ አንድ ነገር ይቆማል፤ አንድ ነገር ደግሞ ይጀመራል። የሚቆመው የኳስ ጨዋታ ነው፤ የሚጀመረው ስለ ኳስ የሚደረገው ሙግት። ሜዳው ሲጨቀይ ምላስ ይሰላል። ማን ወደየትኛው ቡድን ሊዛወር ነው? አሠልጣኙ ይቆያል ወይስ ይሰናበታል? ያ አጥቂ ፈረመ የተባለው እውነት ነው ወይስ አሉባልታ? ከሐይቁ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከራል። ክርክሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይታክት ይዘልቃል።

እነዚህን ሦስትና አራት ወራት «የዕረፍት ጊዜ» ይሏቸዋል። እኔ ግን የእግር ኳሳችን ታሪክ የሚቀመጠውም የሚጠፋውም በእነዚህ ወራት ነው እላለሁ። በበጋ ጨዋታውን እናያለን፤ በክረምት እንተርከዋለን። ያልተተረከውም፣ ተተርኮ ያልተጻፈውም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

በዚህ በኩል እኛ ወጣቶች ነን። ባሕር ዳር ከነማ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2011 ዓ.ም. ነው። ደጋፊው ቡድኑን «የጣና ሞገዶቹ» ይለዋል፤ ከሐይቁ ሰሜን ያለው ጎረቤታችን ፋሲል ከነማ ደግሞ «ዐፄዎቹ» ነው። ዐፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሡ፣ ሞገዶቹም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆነው ሲጨርሱ፣ የእነዚያ ክረምቶች ጨዋታ ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲበጅለትማ፣ ከቡና ጠጪው መካከል የሒሳብ ሊቅ ያልሆነ አልነበረም።

ወደ ኋላ ብንመለስ ሙግቱ ያው ሙግት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽን ገጠመች። መደበኛው ሰዓት ሁለት ለሁለት አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ አገቡ፤ ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ክረምቶች «ከሉቺያኖና ከመንግሥቱ ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። መንግሥቱ የጎንደር ተወላጅ ነውና በእኛ አካባቢ ዳኛው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ ስንቱ ነው ሁለቱን በዓይኑ ያየ? የምንከራከረው ከአባቶቻችን አፍ በወረስነው ነው።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሚጥመው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የይድነቃቸው አባት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ያ ቅኔያቸው በየአዝማሪው አፍ የዞረ ሰው ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ በዚያም ምክንያት ከመቶ ዓመት በኋላ ልንሰማቸው ቻልን። በእሳቸው ዘመን ስንት ባለ መልካም ድምፅ ነበር! የቀረልን ግን የተቀረጸው ነው። እግር ኳሳችንም እንደዚያው ነው። ፍቅሩ ኪዳኔና ገነነ መኩሪያን የመሰሉ ጸሐፊዎች ብዕር ባያነሡ ኖሮ፣ ዛሬ የምናውቀው ከፊሉ ከባለቤቶቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

በሌላው ዓለምም ደጋፊ ያው ደጋፊ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር በእነሱ የጸደይ መግቢያ ይፈጸማል፤ እስከ ኅዳር ድረስ ኳስ የለም። በእነዚያ ወራት የትኛው ተማሪ ከየትኛው ኮሌጅ ወደየትኛው እንደሚዛወር ሲያወሩ፣ ሲወራረዱና ሲኳረፉ ይከርማሉ። ከእኛ የሚለዩት ሙግታቸውን ከመዝገብ በመጀመራቸው ነው። ስፖርቱ ራሱ የተወለደው ከወረቀት ነው። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ቅርጫቱን ሲሰቅል፣ 13 የጨዋታ ሕጎችን አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

አለመጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ያስተማረን የ2005 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ነበር፤ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በሚወስደው ማጣሪያም ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ውጤት ረታ። ነጥቡ 13 ደረሰ፤ አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡን አሸነፈ ተባለ፤ አገሩ በደስታ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ ግን ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርዶች ያየ ተጫዋች፣ በቅጣት ሊያርፍ ሲገባው፣ ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ነበር። በሜዳ የተገኘው 2 ለ 1 በወረቀት 0 ለ 3 ሆነ። ከ13ቱ ነጥብ 3 ተቀንሶ 10 ቀረ፤ ደቡብ አፍሪካ በ8 ነጥብ ከኋላችን ቆመች።

ያ ክረምት የሙግት ክረምት ነበር። አንዱ አሠልጣኙን፣ አንዱ ፌዴሬሽኑን፣ አንዱ ተጫዋቹን ይከሳል። «ሆን ተብሎ የተሠራብን ነው» የሚልም አልጠፋም። አንድ የሐምሌ ከሰዓት በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ስንጯጯህ፣ ሁልጊዜ ጥግ ይዘው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ አዛውንት ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ የመጀመሪያዋን ቢጫ ካርድ ያያችሁ አላችሁ?»

«ሁላችንም አይተናል፣ ጋሼ!» አልናቸው።

«ሁለተኛዋንስ?»

«እሷንም አይተናል።»

«ከእናንተ የጻፈ አለ?»

ዝም አልን። አዛውንቱም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ሲኒያቸው ተመለሱ።

የዚያን ዕለት ማታ ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። እኔ በባንክ ቤት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። በእኛ ዘንድ የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ በካዝናው ያለውና በመዝገቡ የሰፈረው ካልተገናኙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ገንዘቡን ስቀበል አስታውሳለሁ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ደረሰኙ ይፈለጋል። ጉድለቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሌባ የሚመጣ አይደለም፤ «አልረሳውም» ተብሎ ሳይጻፍ ከተተወ አንድ ትንሽ ነገር ነው። የ2005ቱም እንደዚያው ነበር። 3ቱን ነጥብ ከእጃችን ያወጣቸው ተጋጣሚ አልነበረም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓይን ያያቸውን ሁለት ካርዶች ደምሮ ያስቀመጠ አንድ መስመር ጽሑፍ መጥፋቱ ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን፣ አዲስ ዓመት ሊብት አራት ቀን ሲቀረው፣ ቡድናችን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን ለሁለተኛ ጊዜ «አሸነፈ»። በኋላ ናይጄሪያ መንገዱን ዘጋችብን እንጂ፣ ያ እንቁጣጣሽ ደስ የሚል ነበር። እኔም በመስከረም አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ቦታ፣ ውጤት፣ ካርድ እየጻፍሁ ይኸው ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሻለሁ።

ደብተሩ መጀመሪያ ያሳፈረው እኔኑ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ልክ በስምንተኛው ዓመት፣ ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ ባሕር ዳር ዚምባብዌን አሸንፎ ነበር። በሌላ ክረምት ስንከራከር «2 ለ 0 ነው!» ብዬ በአባቴ ስም ምያለሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ብገልጠው በራሴ እጅ ጽሑፍ «1 ለ 0፤ ፍጹም ቅጣት ምት፤ በባከነ ሰዓት» ይላል። ዓይኔ ያየውን፣ ጆሮዬ የሰማውን ጨዋታ ልቤ አንድ ጎል ጨምሮበት ነበር። በማግሥቱ ሄጄ የማልሁበትን ሰው ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ በክርክር መካከል ድምፄ ዝቅ ብሏል።

በዚያው ደብተር ሌሎች የባሕር ዳር ቀናትም አሉ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር፣ 4 ለ 0። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ 1 ለ 3፤ ያን ቀን የሐይቁ ነፋስ እንኳ የከበደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ግን የባሕር ዳር አይደለም። ካፍ ስታዲየማችን መሥፈርቱን አያሟላም ብሎ ስላገደው፣ ጋናን በ«ሜዳችን» የገጠምናት ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ 1 ለ 1። ለመሥፈርቱም ሰው የሚደርሰው ከጨዋታው ቀን በፊት ነው፤ በዕረፍቱ ወራት፣ ማንም በማያጨበጭብበት ጊዜ፣ እየቆጠረና እየጻፈ። በጎል ሳይሆን በጎደለ ነገር ስንሸነፍ ይህ ሁለተኛው ነው።

ይህን ስል ሙግቱ ይቅር ማለቴ አይደለም። የጣና ዳር ክረምት ያለ ሙግት ምን ጣዕም አለው? ሉቺያኖም መንግሥቱም በሕይወት የሚቆዩት በዚያ ጩኸት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከተከራካሪዎቹ መካከል አንዱ እርሳስ ይያዝ። አባቶቻቸው የጥር 1954ቱን ጨዋታ ያዩ ልጆች ዛሬ ሸምግለዋል፤ ይጠየቁ፣ ቃላቸው ይጻፍ። የሞገዶቹን የመጀመሪያ የሊግ ዓመት ያየው ወጣትም ያየውን ዛሬውኑ ያስፍር፤ ነገ ልቡ ጎል ይጨምርበታልና።

ኳሷ ስታርፍ እንኳን፥ ወሬዋ መች ያርፋል፤
ዳኛው ፊሽካ ቢነፋ፥ ክርክሩ ይተርፋል፤
ያልጻፉት ትዝታ፥ ከጎርፍ ጋራ ያልፋል፤
በእግር የተገኘው፥ በቀለም ይጻፋል።