የቴአትር ሰው የት ያስመሰክር?

ልደታ ማርያምን ለመሳለም የሚመጣ ምእመን ወይም ለጉዳይ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ብቅ የሚል የዛሬ ወጣት፣ ይህ ሰፈር በአንድ ወቅት የአገሪቱ የአየር በር እንደነበረ ላያውቅ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነበር። የቦሌ ማረፊያ ተሠርቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ጄት አውሮፕላኖች እስኪገቡ ድረስ፣ በአየር ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ተማሪ ከቤተ ዘመዱ ጋር የሚሰነባበተው በዚሁ ሜዳ ነው። ያ ዘመን ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሕግ ሰዉም ለከፍተኛ ትምህርት አገር ጥሎ የሚወጣበት ዘመን ነበር። በዚያው ዘመንና ከዚያም ወዲህ ጥቂቶች ደግሞ ዘመድ አዝማድ «ይህም ትምህርት ሆኖ ነው?» ሊል የሚችለውን የቴአትርን ጥበብ ፍለጋ ባሕር ተሻግረዋል። የእነዚህ ጥቂቶች ታሪክ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ጥያቄ ጥሎልናል። ለመሆኑ ኢትዮጵያዊ የቴአትር ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያለውን ትምህርት የት ይማር? ሊቅነቱንስ የት ያስመስክር?

«ማስመስከር» የሚለውን ቃል ያለ ነገር አላነሣሁትም። ዛሬ «ሁለተኛ ዲግሪ» ወይም «ማስተርስ» የምንለው ነገር በአሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓን የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም፤ ጋይንት ወርዶ፣ ቤተ ልሔም ገብቶ፣ በሊቃውንቱ ፊት ማስመስከር አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረው ዙር አምባን፣ አቋቋም የተማረው ጎንደርን ይሻል። ልብ እንበል፤ ዜማውና አቋቋሙ በድምፅ፣ በእንቅስቃሴ፣ በመቋሚያና በከበሮ የሚከወኑ ጥበባት ናቸው። ተማሪው የሚመዘነው ከውኖ በማሳየቱ ነው፤ የሚመሰከርለትም ሌላውን ለማስተማር ብቁ መሆኑ ነው። እንግዲህ የክዋኔ ጥበብን እስከ መጨረሻው ደረጃ አስተምሮ መምህር የማውጣት ሥርዓት ከአውሮፓ የተዋስነው ሳይሆን በአገራችን የኖረ ነው።

ዘመናዊው ቴአትር ሲመጣ ግን ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ። በአንድ በኩል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሉ። ሩሲያ የሄዱት የመድፈኛ ትምህርት ለመማር ነበር፤ ቴአትር ምን እንደሆነ ያዩት ግን በዚያው በባሕር ማዶ ቆይታቸው ነው። አገራቸው ተመልሰው የአውሬዎችን ተረት ተንተርሰው የጻፉት «ፋቡላ» የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ሲሆን፣ የመንግሥቱን ሥርዓት ስለሸነቆጠ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በሌላ በኩል ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አሉ። እሳቸው የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የቅኔ ቤት ፍሬ ናቸው። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ አበቁ። የመጀመሪያው ሰው ቴአትርን አይተው መጡ፤ ሁለተኛው ከቅኔና ከዜማ ቀድተው አስተማሩ። የቴአትር ትምህርታችን ከጅምሩ ሁለት አባት አለው ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሚዛኑ ወደ ባሕር ማዶ አጋደለ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ከልደታ ማርያም ብዙ በማይርቀው ሰንጋ ተራ፣ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ቀጥሎ ያገኙት የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ቺካጎ የሕግ ትምህርት ወሰዳቸው። ልባቸው ግን መድረክ ላይ ነበርና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በለንደኑ ሮያል ኮርት እና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን አሠራር በቅርብ ተመለከቱ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በቴአትር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ደግሞ ወደ ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት አቀኑ። መንግሥቱ ለማ ለንደን የሄዱት ለሌላ ትምህርት ቢሆንም «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የሰጡን የኮሜዲ ጌታ ለመሆን በቁ።

አንዱ ለንደን፣ አንዱ ኢሊኖይ፣ ሌላው ቡዳፔስት። ይህ መበታተን በረከትም ጉድለትም ነበረው። በረከቱ ግልጽ ነው፤ የአዲስ አበባ መድረክ በአንድ ትውልድ ውስጥ የብዙ አገር ብልሃት አገኘ። ጉድለቱ ደግሞ እያንዳንዱ የተማረው የሰው አገር መድረክ የሚጠይቀውን ጥያቄ መሆኑ ነው። ከባዕድ አገር የመጣ ዕውቀት ከአማርኛ ቃል፣ ከኢትዮጵያዊ ተመልካች፣ ከሳንሱሩም መቀስ ጋር መታረቅ ነበረበት። ይህን የማስታረቅ ሥራ የሠሩት ደግሞ በልምምድ አዳራሽ፣ በቃል፣ ከተዋናይ ጋር እየታገሉ ነው። አብዛኛው በጽሑፍ አልሰፈረም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የኪነ ጥበብ ማዕከል ለዚህ ልምምድ መጠለያ ሆኖ ነበር፤ ዲግሪ የሚሰጥ ግን አልነበረም። የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ፀጋዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ተስፋዬ ገሠሠና መንግሥቱ ለማም አስተምረውበታል። ዘገየ የሚል ካለ፣ ሼክስፒርን የወለደችው ብሪታንያ እንኳ የመጀመሪያውን የድራማ ትምህርት ክፍል በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የከፈተችው በ1947 እ.ኤ.አ. መሆኑን ያስታውስ።

አንድ ነገር ግን ያስገርማል። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመውም በዚያው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት ቢወለዱም ሳይገናኙ ኖሩ፤ ሌሎች ትምህርቶች አገር ውስጥ ማስተርስ ማስመረቅ ሲጀምሩ፣ የቴአትሩ ምሩቅ ከመጀመሪያ ዲግሪው በላይ ለመሄድ ሲፈልግ ወይ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞሯል፣ ወይ እንደ ቀደምቶቹ ባሕር ማዶ ተሻግሯል።

የዚህን ውጤት ለማየት የመጻሕፍት መደርደሪያን መቃኘት ይበቃል። ከ1980 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በትምህርት ክፍሉ ያስተማረው ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ካቫና፣ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ በአገሩ ቴአትር ላይ ያጠና ሰው ነበር፤ ከእኛ ዘንድም ወደ ዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ማስተማሩን ቀጥሏል። በዚሁ በእኛ ትምህርት ክፍል ያስተማረችው እንግሊዛዊቷ ጄን ፕላስቶው ደግሞ የኢትዮጵያን፣ የታንዛኒያንና የዚምባብዌን ቴአትር ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትማለች። ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን የራሳችንን መድረክ ታሪክ ለማወቅ የምንሻ አንባቢዎች በባዕድ ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ፍለጋ መሄዳችን ሊቆጨን ይገባል።

«ተዋናይ ይወለዳል እንጂ አይማርም፤ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ማንን ዲግሪ ጠየቀ?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ተሰጥኦን ትምህርት ቤት አይሰጥም። ሆኖም ጥያቄው ስለ ተዋናይ ሳይሆን ስለ መምህሩ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬድዮ ሲተርክ አገር ጸጥ ብሎ አድምጧል። ድምፁ ተቀርጾ ቀርቷል፤ እስትንፋሱን እንዴት እንደሚቆጥብ፣ ቃሉን የት እንደሚጥልና የት እንደሚያነሣ ግን አጥንቶ ለተማሪ የሚያስረክብ ከሌለ፣ የሚቀጥለው ትውልድ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ለመድረክ በቅተው ሳይታተሙ በየቴአትር ቤቱ የቀሩ ተውኔቶችም እንዲሁ ፈላጊ ይሻሉ።

ዛሬ ነገሮች ተለውጠዋል። የቴአትር ትምህርት ክፍሉ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ሥር ሆኗል። የፊልም ሥራም በዚያው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው ደግሞ ከኖርዝዌስተርን ወይም ከቡዳፔስት በመጣ ሰው አይደለም፤ በቅኔ ቤቱ ልጅ፣ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው።

ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ከባዱ በስሙ ልክ መገኘት ነው። በዮፍታሔ ስም የሚጠራ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛ ዲግሪ ከለንደንና ከቺካጎ የተቀዳ ብቻ ከሆነ ትርጉሙ ምንድን ነው? ሰምና ወርቅ ያለው ቃለ ተውኔት ከተዋናይ አፍ እንዴት ይውጣ? ሳንሱር በንጉሡም በደርጉም ዘመን የተውኔት አጻጻፋችንን እንዴት ቀረጸው? ለሕፃናት ትምህርት ቤት ቴአትርን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ እንዴት እናስተምር? እነዚህን ለንደን አይጠይቅልንም። መመዘኛውም ቢሆን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ተማሪው እንደ ቤተ ልሔሙ ተፈታኝ ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ያዘጋጅ፣ ይተውን፣ ያስተምር፤ ከዚያም ያደረገውን ይጻፍ።

ባሕር ማዶ ሄዶ መማር አይቅር። ዕውቀት ድንበር የለውምና ወደፊትም ከቦሌ የሚነሡ ይኖራሉ። ከሰው ቤት የሚቀስም ተማሪ ግን የራሱ ቤት ምን እንደጎደለው ጠንቅቆ አውቆ ሊሄድ ይገባዋል። ለዚህም ነው አገር ቤት የሚያስመሰክርበት ጉባኤ የሚያስፈልገው።