ሁለት ጊዜ የተነጠቀ ስም

ክለብ ሲመሠረት ስምና ዓርማ የሚታሰብባቸው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ተጫዋች ይፈለጋል፤ ስሙን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይም የከተማው ከንቲባ ያወጣዋል፤ ዓርማውን ደግሞ ማሊያ የሚያሳትመው ሰው ይስለዋል። ይህ ልማድ ብዙ አሳጥቶናል ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው፣ የክለብ ስም ሥር የሚሰደው ከባለ ገንዘብ ሳይሆን ከሰፈርና ከከተማ ሲወሰድ ነው። ነገሩ ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው የመቄት ወረዳ ከተማ፣ ለፍላቂት፣ እንዲሁም ለላስታና ለዋድላ ደጋ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ይመለከታል፤ ነገ ቡድናቸውን በምን ስም እንደሚጠሩት የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

ዋናው ማስረጃ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ክለቡን አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ ሲመሠርቱ ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነበር። የጣሊያን ጦር በመስከረም ወር መረብን ተሻግሮ አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረች። በዚያ ሰዓት የጊዮርጊስን ስም መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለአራዳ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የአራዳው ጊዮርጊስ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ጋር የተሳሰረ፣ ታቦቱ ከዘማቹ ጋር ወርዶ ነበር የሚባልለት ደብር ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ሲሸነፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት ወደ ላሊበላ ወጥተው ሱባኤ ያዙ። ላስታ ላይ የዚህ ቅዱስ ስም ከክለቡ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ለእኔ ቤት አልሠራህልኝም ብሎ በፈረሱ እየጋለበ ወደ ንጉሥ ላሊበላ መጣ፣ ንጉሡም ቤተ ጊዮርጊስን ከአለት ፈልፍሎ ሠራለት የሚለውን ትውፊት የአካባቢው ሰው ዛሬም ይተርከዋል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለው አለት ላይ የፈረሱን ኮቴ ዱካ እያሳየ። የክለቡ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ፈረሰኞቹ ይባላሉ። ስሙን ማስታወቂያ ሠራተኛ አልፈጠረውም። ሕዝቡ ድሮ ያውቀው የነበረውን ምስል ክለቡ ተዋሰ፤ ምስሉም ክለቡን ተሸክሞ እዚህ አደረሰው።

ጣሊያኖች የስሙ ክብደት ገብቷቸው ነበር። አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ክለቡ ስሙን እንዲለውጥ አስገድደው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት፤ የፋሺስት ምልክትን ከአንድ የከተማ ሰፈር ጋር አጣምረው። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙም ከለከሉ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የጊዮርጊስ ስም ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ማኅበረሰብ ቡድኖች ስለነበሩ ኢትዮጵያዊው ተመልካች የኔ የሚለው ክለብ አንድ ብቻ ነበር። ለዚያ ክለብ የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አህጉሩን መርቷል። ጊዮርጊስ ራሱ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ንጥቂያ በደርግ ዘመን መጣ። ክለቡ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ተደረገ፤ ዋንጫም በዚያ ስም በላ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን የፋብሪካው ስም ወድቆ የጊዮርጊስ ስም ተነሣ። እንግዲህ ሁለት መንግሥታት ስሙን ነጥቀው ሁለቱም ሊያስቀሩት አልቻሉም። ስሙ በመዝገብ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ደብዳቤ ይበቃው ነበር።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ድሬዳዋ መሄድ ይበቃል። ጥጥ ማኅበር ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድርም ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ይህን የሚያህል ታሪክ የነበረው ክለብ ስሙ የጥጥ ፋብሪካው ስለነበር ከፋብሪካው ዕጣ ማምለጥ አልቻለም፤ ዛሬ በትልቁ ሊግ ድሬዳዋን የሚወክላት በከተማዋ ስም የሚጠራ ሌላ ክለብ ነው። ጎንደር የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። የፋሲል ከነማ ዓርማ ላይ ያለው ግንብ ተመልካቹ ከስታዲየሙ ሲወጣ የሚያየው ግንብ ነው፤ ተጫዋቾቹም አፄዎቹ ይባላሉ። ክለቡ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በደስታ የወጣው ሕዝብ ዓርማው ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም።

ዓርማ ጫማ አይገዛም፣ ክለብ የሚኖረው በገንዘብ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው። ጊዮርጊስም የቢራ ፋብሪካና የባለሀብት ድጋፍ ባያገኝ እዚህ አይደርስም ነበር። ወልዲያም በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘውን ስታዲየም ያገኘችው በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ያ ስታዲየም ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የወልዲያ ክለብ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ገንዘብ ሜዳ ሠራ፤ ክለቡን በሊጉ ማቆየት ግን አልቻለም። ከባለሀብት ይልቅ በከተማው ሰው ለጸና ክለብ ከሩቅ አገር የኖርዌዩ ቦዶ ግሊምት ጥሩ ምሳሌ ነው። በአገሪቱ ሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተው ይህ ክለብ የከተማውን ስም በ1948 ጨመረ። የሰሜን ኖርዌይ ክለቦች እስከ 1972 ድረስ በዋናው ሊግ እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸውም ነበር። የክለቡ ባለቤቶች አባላቱ ናቸው፤ ያንን ሁሉ የመገለል ዘመን ተሻግረው በ2020 የአገራቸው ሻምፒዮን ሆኑ።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የቦታ ስምና ዓርማ ወደ ጎሳ ጠብ ይወስዳል የሚለው። ይህን ወልዲያ ላይ ሆኖ ማቃለል አይቻልም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቐለ ሊጋጠሙ በነበረበት ጊዜ በከተማዋ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የሞተ ሰው ያለበትን ነገር በኳስ ፍቅር መሸፈን ነውር ነው። ሆኖም ጠቡን ያመጣው የከተማ ስም አይመስለኝም፤ በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ የተከማቸው ቂም ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሲያገኝ ስታዲየሙን መረጠ እንጂ። በደጋው ሰው ዘንድ የገና ጨዋታ ሩር የምትባለውን ኳስ እያባረረ ሰፈርን ከሰፈር፣ መንደርን ከመንደር ሲያፋጥጥ ኖሯል፤ በማግስቱም ተጋጣሚዎቹ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የሰፈር ፉክክር ራሱ በሽታ አይደለም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ እኔን ያሸነፈኝ አንድ አለ። የቅዱስ ስም ለአራዳ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍላቂትና ላስታ ያሉበት ወሎ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩበት አገር ነው። በአንዱ እምነት ምልክት የተሠራ ዓርማ ግማሹን ደጋፊ ከውጭ ያቆመዋል። ስለዚህ የፍላቂት ወይም የገሸና ልጆች ቡድናቸውን ሲያቆሙ የአራዳን ዘዴ እንጂ የአራዳን ስም መቅዳት የለባቸውም። ለዓርማ የሚሆን የጋራ ነገር ደግሞ በደጋው አይጠፋም፦ የገናው ቆልማማ ዱላ አለ፣ የላስታ ተራራ አለ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሠራዊቱ አለት እየፈነቀለ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሆር በኩል የጠረገው መንገድ አለ። የትኛው ይሁን የሚለውን ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ብቻውን ከሚወስነው ይልቅ በገበያ ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ቢመክርበት ይሻላል።