በጭቃ እና በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከባድ ዕቃን እንዴት እንስቀል?

በእብናት፣ በደብረ ታቦር እና በአካባቢው ብዙው መኖሪያ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚ እና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። በከተሞች ደግሞ የብሎኬት ቤት እየበዛ መጥቷል። ሁለቱም ግድግዳዎች ሲታዩ ጠጣር ይመስላሉ። ነገር ግን የጭቃው ቤት ሸክም የሚችለው በምርጊቱ ሳይኾን በእንጨቱ ነው፤ ብሎኬትም መሐሉ ክፍት ነው። ይህ ሳይጣራ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ወይም መደርደሪያ ውሎ አድሮ ይወድቃል። ከሥሩ ሕጻን የሚጫወት ከኾነ ጉዳቱ በንብረት ብቻ አያበቃም።

በጭቃ ቤት የመጀመሪያው ሥራ ቋሚውን ማግኘት ነው። ግድግዳውን በጣት አንኳኩቶ ድምጹን መለየት ይረዳል፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን በቀጭን ምስማር መሞከር ነው። ምስማሩ በቀላሉ ከገባ ጭቃ፣ ከያዘ እንጨት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ሁሉ ቀጥ ያለ ስለማይኾን ከላይ የተገኘው ቋሚ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ሸሽቶ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከፍ እና ዝቅ እያሉ መሞከር ያስፈልጋል። ማገሩን ቋሚ ነው ብሎ መሳሳትም አለ፤ ማገር ቀጭን በመኾኑ ከባድ ነገር አይሰቀልበትም።

ቋሚዎቹ ከተገኙ በኋላ ወፍራም ጣውላ በሁለት ወይም በሦስት ቋሚዎች ላይ አጋድሞ በእንጨት ብሎን ማሰር፣ ዕቃውንም በጣውላው ላይ መስቀል ይመረጣል። የብሎኑ ርዝመት የጣውላውን እና የምርጊቱን ውፍረት አልፎ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር እንጨቱ ውስጥ የሚገባ መኾን አለበት። የደረቀ ባሕር ዛፍ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭን ድሪል መብሳት ይገባል። ምስጥ የበላው ቋሚ ግን ብሎን አይዝም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል፤ ምርጊቱ ሳይጀመር ጣውላውን ከቋሚው ጋር አስሮ ቦታውን ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ብሎኬት ሌላ ነው። ክፍል ለመክፈል የሚውለው ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲኾን፣ ከፊት ያለው ቅርፊት ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ተራ የፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው ጠጣር ነገር ውስጥ ሲወጠር ነው፤ ክፍቱ ውስጥ ከገባ አብሮ ይዞራል። ለከባድ ዕቃ የሚሻለው የኮንክሪት ኮለን ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ነው። ኮለን ከሌለ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ በስቶ ረጅም ብሎን ማሳለፍ፣ ከጀርባው ሰፊ ላሜራ፣ ሮንዴላ እና ዳዶ ማድረግ ያስተማምናል። የብሎኬቱን ፊት ከፍቶ፣ እንዳይፈስ ከሥሩ ወረቀት ወትፎ በኮንክሪት መሙላትም ይቻላል፤ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ ሳይጠነክር ግን ምንም አይሰቀልበትም። ሲበሳ የድሪሉን መዶሻ ማጥፋት ቅርፊቱን ከመፍረስ ያድነዋል። ከማብሪያ ማጥፊያ እና ከሶኬት በላይ እና በታች ገመድ ሊያልፍ ስለሚችል ኤሌክትሪኩን ሳያጠፉ መብሳት አደገኛ ነው።

ክብደትን ሲገምቱ ርቀትንም ማስላት ይገባል። ጭነቱ 30 ኪሎ ኾኖ መሐሉ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የመደርደሪያው ብረት የላይ እና የታች ብሎኖች ደግሞ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኞቹን ብሎኖች የሚነቅለው ኀይል 60 ኪሎ ይደርሳል። ብሎኖቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ ወደ 30 ይወርዳል። ቦይለርም ባዶውን አይገመትም፤ ባለ 50 ሊትሩ ውኃው ብቻ ግማሽ ኩንታል ነው። እንዲህ ያለውን በጭቃ ግድግዳ ላይ ከመስቀል መሬት ላይ በቆመ የብረት እግር ማስቀመጥ ይሻላል።

ዕቃው ከመሰቀሉ በፊት ክብደቱን እጥፍ የሚኾን እህል በጆንያ አንጠልጥሎ አንድ ቀን ማሳደር ጥሩ ፈተና ነው። ጆንያው ባለበት ሰዓት ሕጻናት ከሥሩ መራቅ አለባቸው። ክረምት ሲወጣም ብሎኖቹን መነካካት፣ ምርጊቱ ርሶ የተነፋበት ቦታ ካለ ዕቃውን አውርዶ ቋሚውን ማየት ያስፈልጋል።